እኩል እንጫን

«ክብሪት» የሚሏት ዞር ስትል ነው፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ፊት ለፊት «እትዬ» ናት፣ ወይም «መስታወት ቆራጯ»። ስሙን ግን ታውቀዋለች። አንድ ቀን ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «ዝም በሉ፣ ክብሪት መጣች» ሲል ሰምታ፣ «መጥቻለሁ፤ የሚጨስ ነገር ካለህ አውጣ» ብላው አልፋለች። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሰፊው ባያት ቁጥር አንገቱን ደፍቶ መዶሻውን ያዘንባል።

እውነት ለመናገር ቁጡ ናት። ቦግ ብሎ የሚጠፋ ቁጣ ነው፤ ቂም የላትም። እስኪጠፋ ድረስ ግን ያገኘውን ይለበልባል። የሚገርመው እንዲህ ያለች ሴት የያዘችው ሥራ ነው። መስታወት ቁጣ አይወድም። ሰፊውን መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድማ፣ ማስመሪያውን አስደግፋ፣ ጫፏ ላይ ትንሽዬ መንኮራኩር ያለችውን መቁረጫ በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ስትስባት፣ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የሚታየው የፀጉር ያህል ጭረት ብቻ ነው። ከዚያ ከሥሩ ጠቅ ስታደርገው፣ ያ ሁሉ ጠንካራ ነገር በተነገረው መንገድ፣ በዚያው መንገድ ብቻ፣ ለሁለት ይከፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ጭረቱ ይስታል፤ መስታወቱም ወደ ፈለገበት ይሰነጠቃል።

አባቷ መቁረጫውን ያስረከቧት የራሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ምክር አላበዙም። «ከተናደድሽ አትቁረጪ» አሏት፣ በቃ። እሷም ቃላቸውን ጠብቃ ኖረች። በተናደደች ቀን መቁረጫዋን መሳቢያ ውስጥ ትከታለች፤ የክፈፍ እንጨት ትፍቃለች፣ የመስታወት ማጣበቂያውን ስቱኮ ታቦካለች፣ ስብርባሪ ትጠርጋለች። ሰፈሩም ይህን ለምዶ፣ «ክብሪት እየጠረገች ከሆነ ነገ ተመለስ» ይባባላል።

ያን ቀን ጠዋት እየጠረገች ነበር።

«ወለሉ ምን አጠፋ?» አሏት አባቷ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በሩ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ዴፖው ሰማያዊ አልቀበልም አለ፣ አባባ።»

«ሰማያዊ መስታወት?»

«ሰማያዊ ገንዘብ!»

አባቷ ፊታቸውን ከፀሐይ መለሱ። «በእኛ ጊዜ የገንዘብ ቀለሙ አይጠየቅም ነበር። መኖሩ ነበር የሚጠየቀው።»

«አለኝ እኮ! አለኝ! ያናደደኝስ መኖሩ አይደል!» መጥረጊያውን ወረወረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ኩባንያዎች አሉ፤ ሰዉ በምልክታቸው ቀለም «ሰማያዊው» እና «ቀዩ» ይላቸዋል። ሁለቱም በብዙው ሰው ስልክ ላይ ጎን ለጎን፣ በጥፍር ስፋት ተራርቀው ተቀምጠዋል። ግን ተኮራርፈዋል። የሰማያዊው ገንዘብ ቀዩ ውስጥ አይገባም፣ የቀዩም ሰማያዊው ውስጥ አይገባም። ሱቁ ሁሉ ደግሞ ጎራ ለይቷል፤ አንዱ ለሰማያዊው ፈርሞ ቅናሽ ያገኛል፣ ሌላው ለቀዩ። የመስታወት ዴፖው የቀዩ ነው። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተዘረፈ ወዲህ አይነካም።

ለክብሪት ግን ያ ቀን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። የዳንስ ትምህርት ቤት የምትከፍት መምህርት የአንድ አዳራሽ ግድግዳ በሙሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በፊት ማያ መስታወት እንድታለብስላት አዝዛታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ደንበኛ ሁሉ ሱቁ ሲገባ ከትከሻዋ ጀርባ አሻግሮ እያየ «አባትሽ የሉም?» ነበር የሚለው። እሷ የምትቆርጠውን መስታወት እየጠበቀ እሳቸውን ነበር የሚያመሰግነው። የዳንስ መምህርቷ ግን ብዕር አውጥታ «ውሉን በማን ስም ላድርገው?» ስትላት፣ ክብሪት ለቅጽበት የራሷ ስም ጠፍቶባት ነበር። በስሟ የያዘችው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ይህ ነው። ቅድመ ክፍያውም ተከፍሏታል፣ በሰማያዊው።

ለግድግዳው የሚበቃ ቁመት ያለው መስታወት የተገኘው በዴፖው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። የዴፖው አለቃ እስከ እኩለ ቀን አቆይልሻለሁ ብሏታል። እኩለ ቀን ካለፈ የሚወስደው ሰው ተዘጋጅቶ እዚያው ግቢ ቁጭ ብሏል፤ ማዶ ያለው ባለ አሉሚኒየሙ፣ በርና መስኮት ሠሪው። መስታወቱን ያገኘ ሥራውንም ያገኛል፤ መምህርቷም ብትሆን የመክፈቻዋ ቀን ደርሶባታል።

«በይ ሂጂና ለውጪው» አሏት አባቷ። «ሰው ሁሉ ማዕዘኑ ላይ እየቆመ የሚለዋወጠው ይኸንኑ አይደል?»

መቁረጫዋን መሳቢያው ውስጥ ከታ ወጣች።

ማዕዘኑ የሁለቱም ኔትወርክ የሚሠራበት ቦታ ነው። ከላይ ሁለት ትልልቅ ማስታወቂያዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ሰማያዊው «ድንበር የለም» ይላል፤ ቀዩ «ሁሉም ወደ ሁሉም» ይላል። ከሥራቸው ሰዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየዞሩ፣ «ቀይ ያለው! ቀይ ያለው!» «ሰማያዊ የሚፈልግ!» እያሉ ይጣራሉ። ክብሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ደነገጠች። ሰው ገንዘብ ይዞ ገንዘብ ሲለምን አይታ አታውቅም።

ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ደላላ ጠጋ አላት። «እህት፣ በትንሽ ኮሚሽን እኔ ላሻግርሽ።»

«የራሴን ገንዘብ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ ለማዛወር ላንተ ልከፍል?»

«እንግዲህ ኪስሽ ካልተስማማ…»

«ዞር በል ከፊቴ!»

ዞር አለ። ከኋላው አንድ ቀለም ቀቢ ቆሟል። ሥራውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሱሪው ላይ የስንት ቤት ግድግዳ ቀለም ተደራርቦ ደርቋል፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፣ የኋላ ኪሱ ውስጥ ብሩሽ ተሰክቷል። እሱም እንደ እሷ ቸኩሏል፤ አንዱን እግሩን እየጣለ ሌላውን ያነሳል።

«ቀይ አለህ?» አለችው።

«አለኝ። ሰማያዊ አለሽ?»

«አለኝ። ስንት?»

ስልኩን አሳያት። የእሷን አሳየችው። ይበቃል፤ እንዲያውም ልክክ ያለ ነው።

«የቀለም መሸጫው ሰማያዊ ብቻ ነው የሚቀበለኝ» አላት ቀቢው። «ቀለም አለቀብኝ፣ ያውም ግድግዳው መሃል ላይ። ግማሹ ከደረቀ በኋላ ብቀጥለው መጋጠሚያው መስመር ይሠራል፤ የፈለገውን ያህል ቢደረብበት አይጠፋም። ፍጠኝልኝ፣ እህቴ።» ከዚያ ቀና ብሎ ሁለቱን ማስታወቂያዎች እያየ ሳቅ አለ። «ቀይና ሰማያዊ እኮ ስንደባልቃቸው የሚያምር ሐምራዊ ነው የሚወጣቸው። እነዚህን ግን የትኛው ብሩሽ ይደባልቃቸው?»

የመለዋወጡ ሥርዓት የታወቀ ነው። አንዱ ቀድሞ ቢልክ ሌላው ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ይቆማሉ፣ ስልካቸውን ያጣምራሉ፣ እኩል ቆጥረው እኩል ይጫናሉ። ቁጥራቸውን ተለዋወጡ። እሷ የቀዩን አካውንት የከፈተችው ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር።

«እኩል እንጫን» አላት። «በሦስት ላይ።»

«በሦስት ላይ ነው ወይስ ከሦስት በኋላ?»

«ሦስት ስል!»

«ሁላችሁም ሦስት ስል እያላችሁ ነው አራት ላይ የምትጫኑት።»

«እሺ አንቺ ቁጠሪ!»

ቆጠረች። ተጫኑ። የቀቢው ስልክ ጢን አለ፤ ሰማያዊው ገባለት። የእሷ ስልክ ግን ዝም አለ።

ቀቢው መንገድ ሊጀምር ሲል እጅጌውን ያዘችው። «ወዴት?»

«ልኬያለሁ እኮ! ይኸው፣ ‹ተልኳል› ይላል።»

«ያንተ ይላል። የእኔ አይልም።»

«የእኔ ካለ የግድ…»

«ሌባ!» አለች። ቦግ አለባት። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ፤ ኮሚሽኑን የተነፈገው ደላላም ደስ ብሎት ዓይኑን አስፍቶ ያይ ጀመር። ቀቢው ፊቱ ቀላ። የጆሮው ጫፍ ነጠብጣብ ብቻ ነጭ ሆና ቀረች።

በዚህ መሃል ስልኳ ተንጫጫ። ገንዘብ መጥቶልዎታል ይላል መልእክቱ፤ አካውንትዎ አዲስ ስለሆነ ለመቀበል ፊትዎን ያረጋግጡ። ካሜራው ተከፈተ፣ የማዕዘኑ ፀሐይ ግን ስክሪኑን አጨለመው። ምንም አይታይም።

«ሱቄ እዚህ ነው» አለችው፣ እጅጌውን ሳትለቅ። «ገንዘቡ እጄ እስኪገባ አትሄድም።»

«ግድግዳዬ እየደረቀ ነው!»

«ይድረቅ!»

እየጎተተችው ገባች። አባቷ በርጩማቸው ላይ ሆነው ቀና አሉ። «ቀለም ገዛሽ?»

«ሌባ ነው የያዝኩት፣ አባባ። ወይም ሌባ ያልሆነ ሰው። አሁን ይለያል።»

ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነችው። ክብ መስመር መጣ። ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያስገቡ። አስገባች። ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ። ጨፍና ገለጠች። ስልኩ ጥቂት አሰበና እንዲህ አለ፦ ከአንድ በላይ ሰው ታይቷል፤ እባክዎ ብቻዎን ይሁኑ።

«ውጡልኝ!» አለች። «ሁለታችሁም! እየታያችሁብኝ ነው!»

አባቷ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ቀቢውም ወጣ፤ እሷም በበሩ ስንጥቅ በአንድ ዓይን እየጠበቀችው እንደገና ሞከረች። ከአንድ በላይ ሰው ታይቷል፤ እባክዎ ብቻዎን ይሁኑ።

«ብቻዬን ነኝ!» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። «ከዚህ በላይ እንዴት ብቻዬን ልሁን!»

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ስልኩ ማሰብም አላስፈለገው። ለደህንነትዎ ሲባል አካውንትዎ ታግዷል አለና ጠፋ።

ያኔ ነው ቀና ያለችው።

ከፊቷ በግድግዳው ላይ የተደገፈ መስታወት ነበር፤ ከኋላዋም፣ ከጎኗም፣ ከላይም የተሰቀሉ። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችባቸው ስለሆኑ እንደ ግድግዳ ቆጥራቸው ነበር። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት ሴት ስልክ ይዛ ቆማለች። ከሴቲቱ ኋላ ሌላ ሴት፣ ከዚያች ኋላ ሌላ፣ እየጠበቡና አረንጓዴ እየመሰሉ እስከ ጥልቁ ድረስ፤ ሁሉም ተቆጥተው፣ ሁሉም ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ሁሉም አንዲት ጣት አንስተው። ለቅጽበት ያን ሁሉ ሰው ያናደደው ማን ይሆን ብላ ተገረመች። ቀጥሎ፣ እሷው ራሷ የራሷን ገንዘብ በራሷ ፊት እንዳሳገደች ስትረዳ፣ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

ጩኸቱ ጫማ ሰፊው ጋ ተሰማ። መዶሻው ቆመ።

የቀዩ ቢሮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እሷ ግን ወረፋ የሚያይ ዓይን አልነበራትም። ቀቢውን በእጅጌው እየሳበች መስኮቱ ላይ ደረሰች። ከመስታወቱ ወዲያ ቀይ ከረባት ያሰረ ወጣት ሠራተኛ ተቀምጧል። የመስታወቱ ጠርዝ ተንሻፍፏል፤ በፕላስተር ተሸፍኗል። የቆረጠው ተናዶ የነበረ ሰው መሆኑን ባንድ እይታ አወቀች።

ነገረችው። ሠራተኛው ቁልፎቹን ነካ ነካ አድርጎ ስክሪኑን አነበበ። «ሲስተሙ ብዙ ሰዎች በአንድ ስም ሊጠቀሙ ሞክረዋል ነው የሚለው።»

«ብዙዎቹም እኔው ነኝ!»

«እናቴ፣ አይቆጡ…»

«እናትህ አይደለሁም። የሚፈለገው ፊቴ ነው አይደል? ይኸው ፊቴ! እየው!»

«እኔ ባየው ዋጋ የለውም። ማየት ያለበት ሲስተሙ ነው።»

«አንተ ትታየኛለህ። እኔስ አልታይህም?»

«ይታዩኛል።»

«ስንት ሴት ይታይሃል?»

ልጁ ግራ ገባው። ወደ ጎን አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። «አንድ።»

«እንግዲያው ለሲስተምህ ንገረው!»

ወረፋው ሳቀ። ሠራተኛው ግን አልሳቀም፤ ከረባቱን አስተካከለ። እገዳው እንዲነሳ ማመልከቻ ይሞላል፣ ማመልከቻው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከላይ መልስ ይመጣል። መቼ? እሱ አያውቅም። ከላይ ያለው ማነው? እሱንም አያውቅም። አለቃውን ጥራልኝ አለችው፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። የሰማያዊው ቢሮ ብትሄድስ? ሠራተኛው «ከእነሱ ጋር ግንኙነት የለንም» አለ፣ ስለ ክፉ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው።

ክብሪት መስኮቱን በመዳፏ መታችው። ሰፊ ንዝረት ተሰማ። የግድግዳው ሰዓት ወደ እኩለ ቀን ተጠግቷል። ባለ አሉሚኒየሙ በጥርስ መፋቂያው ጥርሱን እየጎረጎረ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ሳጥኗ አጠገብ ተቀምጦ ታያት። «አባትሽ የሉም?» የሚለው ድምፅም ተሰማት።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለ ቀቢው። 

«ያልተነሳ ገንዘብ ላኪው መልሶ መሳብ ይችላል» አለ ሠራተኛው፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«ይህን ነገር ቀድመህ ብትናገር ምላስህ ይቆረጥ ነበር?» አለችው።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ እናቴ።»

ቀቢው ስልኩን አወጣ። ተጫነ። ጢን።

አሁን ቀዩም ሰማያዊውም እሱ ጋ ሆኑ። ክብሪት እጇ ከእጅጌው ላይ መቼ እንደተነሳ አላወቀችም። በሩ ክፍት ነው። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ጮኻ ሌባ ብትለው እንኳ ማዕዘኑ ላይ ብላዋለች፤ ቃሉ አልቆባታል።

ቀቢው አያት። የእሱ ቁጣ እንደ እሷ ቦግ የሚል ዓይነት አልነበረም፤ ከሥር የሚፍም ነው። «ሌባ ብሆን» አላት ቀስ ብሎ፣ «የምሮጠው አሁን ነበር።»

ክብሪት ባዶ እጇን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«ዴፖሽ ወዴት ነው?»

ጎን ለጎን፣ ሩጫ ባልሆነ ሩጫ ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አለችና በመዳፏ ግንባሯን መታች። «ቅድምስ! ቅድም ማዕዘኑ ላይ ቀጥታ ለዴፖው ብትልክልኝ ኖሮ እኔ ምን ፊት ያስፈልገኝ ነበር?»

«ለዴፖሽ ልኬያለሁ ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር።»

«እኔም ለቀለም መሸጫው ልኬልሃለሁ ብትይኝ አላምንሽም ነበር» አላት። «ለዚህ ነው ገንዘባችንን አቅፈን አፍንጫ ለአፍንጫ የምንቆመው።»

ሁለቱም ተናደው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ደግሞም ይገርማል! ሁለት ኩባንያዎች ተኮራርፈው ሰላምታ ተነፋፈጉና፣ የማስታረቁ ሸክም የተጣለው በማይተዋወቁ ሰዎች ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ማዕዘኑ ላይ የሉም። ያሉት ቀለም ቀቢና መስታወት ቆራጭ ናቸው፤ ጉሮሮ ለጉሮሮ የሚያያዙት እነሱ ናቸው። ክብሪት ይህን በቃል አላሰበችውም። በእጇ ነው የተሰማት፤ የእጅጌው ጨርቅ መዳፏ ላይ ገና ይሻክራታል።

ዴፖው ግቢ ሲደርሱ ጫኚዎቹ ሳጥኑን ወደ ባለ አሉሚኒየሙ መኪና ተሸክመው መውሰድ ጀምረዋል።

«አውርዱት!» አለች ከበሩ።

«ውይ፣ ክብሪት» አለ ባለ አሉሚኒየሙ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ያውም ፊት ለፊት። «ዛሬ እርጥበት ገባብሽ እንዴ? አልቀጣጠል አልሽ።»

«ወደኋላ በል፣ አንተ ነህ ቶሎ የምትያያዘው።»

ጫኚዎቹ ሳቁ፤ ሳጥኑ ባለበት ቆመ። የዴፖው ገንዘብ ተቀባይ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ ሰዓቱን አየች፣ ክብሪትን አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች። «ክፍያው ከገባ የአንቺ ነው። ካልገባ እኔ ምን ላድርግሽ።»

ቀቢው ላከ። ሁሉም የገንዘብ ተቀባይዋን ስልክ ጠበቁ። ጢን አለ። ክብሪት እስትንፋሷን የለቀቀችው ያኔ ነው።

ማሽኑ ደረሰኝ ተፋ። ገንዘብ ተቀባይዋ መነጽሯን አውርዳ አነበበችው። «ገዥ» ብላ የአንድ ሰው ስም ጠራች።

«እኔ ነኝ» አለ ቀለም ቀቢው፣ እሱም ገርሞት።

«እንዴት ሆኖ?» አለች ክብሪት። «መስታወቱ የእኔ ነው! ሥራው የእኔ ነው!»

«ሲስተሙ የሚያወጣው የከፈለውን ሰው ስም ነው፣ እህቴ። ልቀይረው አልችልም።»

ባለ አሉሚኒየሙ ከት ብሎ ሳቀ። «የአባትሽን ስም ተውሽና የቀለም ቀቢ ስም ውስጥ ገባሽ?»

ይህኛው ነካት። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። ስትጮህ የለመዷት ሰዎች ዝም ስትል ግራ ገባቸው። በስሟ ብላ ከጠዋት ጀምሮ የሮጠችለት ነገር፣ ማህተም ታትሞበት፣ የሌላ ሰው ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ቀቢው ደረሰኙን አነሳው። ከገንዘብ ተቀባይዋ እጅ እስክሪብቶ ተቀበለ። «ስምሽ ማነው?» አላት።

ከጠዋት ጀምሮ ተያይዘው ሲዞሩ፣ አንዳቸውም የሌላውን ስም አልጠየቁም ነበር።

ነገረችው። የራሱን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘና ከላዩ የእሷን ጻፈ። ሰሌዳ የሚጽፍ እጅ ነበረው፤ ፊደሎቹ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ እግራቸው የረገጠ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ቢቆም የማይወድቅ። ከስርዙ አጠገብም በራሱ ስም ከነአባቱ ፈረመበት። ገንዘብ ተቀባይዋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያም ማህተሟን አንስታ መታችበት። ቀቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ክብሪትን እንኳ ሳያይ ወጣ።

ሳጥኗን የጫነው የኪራይ ፒካፕ ሲወጣ ቀቢውን መንገድ ላይ ደረሱበት። ከቀለም መሸጫው ወጥቶ በሁለት እጁ ባልዲ ተሸክሞ እየሮጠ ነው። ክብሪት በመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጣች።

«ይቅርታ!» ብላ ጮኸች። ልመና አይመስልም፤ ጠብ ነው የሚመስለው። «ሰማህ? ሌባ ብዬሃለሁ፣ በሰው ፊት! ይቅርታ! በሰው ፊት ነው ያልኩህ፣ ይኸው በሰው ፊት!»

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ቀቢው ባልዲዎቹን አላወረደም። «ይቅርታሽ እንዲህ ከሆነ ስድብሽ ይሻለኝ ነበር!»

«ግድግዳውስ?»

«ደርቋል!» አላት። «መስመር ሠርቷል!» ፊቱን አዙሮ ሮጠ።

ሱቋ ሲደርሱ መስታወቱን አንድ በአንድ አወረዱት። የመጀመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። አባቷ በርጩማቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ተቀመጡ። ደረሰኙን ተቀበሏት፤ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መልሰው ሳይሰጧት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

እጇ እንዲሰክን ጠበቀች። ወለሉን ልትጠርግ ፈለገች፣ የሚጠረግ አልነበረም። እየበረደላት መጣ። መሳቢያውን ከፍታ መቁረጫዋን አወጣች። ማስመሪያውን አስደገፈች።

ስልኳ ጮኸ። ውድ ደንበኛችን፣ ይላል ቀዩ፤ ለደህንነትዎ ስንል ያገድነው አካውንትዎ ተከፍቷል፣ ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን። ሁሉም ወደ ሁሉም። እሱን አንብባ ሳትጨርስ ሰማያዊው ተከተለ፦ ዛሬ ገንዘብ ልከዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ድንበር የለም።

አባቷ ፊቷን አዩ። «ነገ ይደርሳል» አሏት በለሆሳስ። «መሳቢያው ውስጥ ክተቻት፣ ልጄ።»

አልከተተችም። ጎንበስ አለች። ቁጣው ከደረቷ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ክንዷ ሲወርድ ተሰማት፤ ስትጠብቀው የኖረችው መንቀጥቀጥ ግን አልመጣም። የቀቢውን ስም የሰረዘው ቀጥ ያለ መስመር ዓይኗ ላይ ነበር። በአንድ ትንፋሽ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሲር። አባቷ በርጩማቸው ላይ ደርቀው ቀሩ። ከሥሩ ጠቅ አደረገችው። መስታወቱ በተነገረው መንገድ ለሁለት ተከፈተ።

ሽማግሌው ተነስተው መጡ። በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ጠርዙን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ጣታቸው አንድም ቦታ አልተደናቀፈም።

«ተናደሽ ነው የቆረጥሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት አልሰነጠቀሽውም?»

«በመስታወቱ አይደለማ የተናደድኩት፣ አባባ።»

አባቷ ጠርዙን ለቀቁት። ከዚያ ስልኳን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ ከጠረጴዛው ላይ አነሱና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«ይሄ ነገር ግን አይይሽ» አሏት። «በይ ሁለተኛውን አምጪ።»